ካርል ሉድቪግን ለተማሪዎች እንዴት እናስተምር?

ካርል ሉድቪግ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው አንድ አንቀጽ ነው። በ1816 ጀርመን ውስጥ ተወለደ፣ የሰውነትን እንቅስቃሴ በመስመር የሚጽፍ ኪሞግራፍ የሚባል መሣሪያ ሠራ፣ ላይፕዚግ ላይ አስተማረ፣ በ1895 ሞተ። ተማሪው ይህን ይሸመድድና ፈተና ላይ ያወርደዋል። ከዚያ በኋላ ደብዛው ይጠፋል።

እኔን ይህ ያሳዝነኛል። ዛሬ ሐኪም ቤት የታማሚ ራስጌ ያለው ስክሪን ላይ መስመሮች ሲሄዱ እናያለን። የደም ግፊት አለ፣ የልብ ምት አለ፣ ትንፋሽ አለ። የእነዚያ መስመሮች ዘር ቢቆጠር ሉድቪግ ቤት ይደርሳል። ተማሪ ቤተ ሙከራ ገብቶ በገዛ እጁ የሚለካበት ትምህርት በዓለም ላይ እንዲስፋፋም እንደሱ የደከመ ሰው ጥቂት ነው።

እኔ ፊዚዮሎጂ፣ ማለትም የሰውነት አሠራርን፣ አስተምራለሁ፤ በተለይ የተግባር ክፍሉን። ሉድቪግ ጋ ስደርስ ተማሪዎቹ መጀመሪያ ከራሳቸው ሰውነት መስመር ያሰምራሉ። የሰውየው ስምና ታሪክ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ይህን መንገድ የመረጥኩት እሱም ተማሪዎቹን ያሳደገው እያሠራ ስለነበር ነው። ከታች የምነግራችሁ በሁለት ክፍለ ጊዜ ያልቃል። ጊዜ ካጠራችሁ የቱ እንደሚተው መንገድ ላይ እናገራለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ችግሩን ስጧቸው

በልደት ቀን አትጀምሩ። ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ጻፉ፦ "ደም ቅዳ ውስጥ ያለው ግፊት ስንት እንደሆነ እንዴት ታውቃላችሁ?" ክንድ ላይ የሚታሰረውን መሣሪያ እንዳይጠሩ ከልክሏቸው። ገና አልተፈጠረም በሏቸው።

ትንሽ ከተጨነቁ በኋላ ስቲቨን ሄልስን አምጡላቸው። እንግሊዛዊ ቄስ ነበር። በ1733 ባሳተመው ሥራ ላይ እንደገለጸው፣ የፈረስ ደም ቅዳ ውስጥ ቀጭን የብረት ቧንቧ አስገባ። ከቧንቧው ጋር ረጅም የብርጭቆ ቱቦ አያይዞ ቀጥ አድርጎ አቆመው። ደሙ 2.5 ሜትር ያህል ወጣ። እዚያ ላይ ሆኖ ከልቡ ምት ጋር ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ይህን ቁጥር ሰሌዳው ላይ ተዉት።

ቀጥሎ ፈረንሳዊው ፑዋዜይ ይመጣል። በ1828 በዩ ቅርጽ የታጠፈ ቱቦ ውስጥ ሜርኩሪ ጨምሮ ግፊቱን በሱ ለካ። ሜርኩሪ ከውሃ 13.6 ጊዜ ይከብዳል። የሄልስ 2.5 ሜትር በሜርኩሪ ስንት ይሆናል? ተማሪዎቹ ራሳቸው ያስሉት። ከ20 ሴንቲሜትር በታች ያገኛሉ። ጣሪያ ሊነካ የደረሰው መሣሪያ ጠረጴዛ ላይ ወረደ ማለት ነው። ፑዋዜይ ደሙ ቱቦ ውስጥ እንዳይረጋ ደግሞ የፖታሲየም ካርቦኔት ብጥብጥ ይጠቀም ነበር። እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ተማሪ አይረሳትም፤ አትዝለሏት።

አሁን ጠይቁ፦ "ታዲያ ምን ይጎድለዋል?"

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። መልሱን ለመንገር ምላሳችሁ ቢያሳክካችሁም ቻሉት። ብዙ ጊዜ አንድ ተማሪ ይደርስበታል። ሜርኩሪው ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይን ሊከተለው አይችልም። ከፍተኛውን ነጥብ አየሁ ስትል ወርዷል። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው ቢያዩ ሁለት የተለያየ ቁጥር ይጽፋሉ። ትናንት የታየውን ከዛሬው ጋር ማስተያየት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

ሉድቪግ በ1846 ማርቡርግ ላይ ያደረገው ነገር የሚገባቸው ያኔ ነው። ሜርኩሪው ላይ ተንሳፋፊ አስቀመጠ። ተንሳፋፊው ቀጭን ዘንግ ተሸከመ፤ ዘንጉ ብዕር ያዘ። ከብዕሩ ፊት ወረቀት የተጠቀለለበት ሲሊንደር በሰዓት ሞተር እኩል ፍጥነት ይዞ ይዞራል። ግፊቱ ሲጨምር ብዕሩ ይወጣል፣ ሲቀንስ ይወርዳል፣ ወረቀቱ ደግሞ ይሄዳል። ይኸው ነው ኪሞግራፍ ማለት። ሥራው በ1847 ታተመ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን በጥላሸት ማጥቆር ተለመደ። ቀጭኗ ጫፍ ጥላሸቱን እየፋቀች ነጭ መስመር ትተዋለች፤ ወረቀቱ ቫርኒሽ ይቀባና ለዓመታት ይቀመጣል።

ተማሪዎቹ ይህን ከመስማታቸው በፊት የራሳቸውን መፍትሔ ወረቀት ላይ እንዲስሉ አድርጉ። ተንሳፋፊውን ያሰበ ካለ ስሙን ጠርታችሁ አመስግኑት። ይገባዋል።

መሣሪያውን በውሃ ሥሩት

በሜርኩሪ አትሥሩ። ተኑ መርዝ ነው፤ ክፍል ውስጥ ከፈሰሰ መልቀሙ ሌላ ጣጣ ነው። ቀለም የተጨመረበት ውሃ ይበቃል።

ውስጡ 2 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ያለው ጥርት ያለ የፕላስቲክ ቱቦ አግኙ። በዩ ቅርጽ አጥፋችሁ ጣውላ ላይ እሰሩት፤ ውሃውን እስከ ግማሹ ሙሉት። በአንዱ አፍ ከፎም የተቆረጠ ተንሳፋፊ አስገቡ። ተንሳፋፊው የቱቦውን ግድግዳ መነካካት የለበትም፤ ከነካ ይቀረቀራል። ላዩ ላይ የለስላሳ መምጠጫ ስትሮ ትከሉ። ስትሮው እንዳያጋድል ቱቦው አፍ ላይ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ክደኑና በቀዳዳው አሳልፉት። ጫፉ ላይ ቀለም የጠጣ ቀጭን የፌልት ጫፍ አግድም ለጥፉ። ከባድ እስክሪብቶ ከሰቀላችሁ ተንሳፋፊው ይሰምጣል።

ለሲሊንደሩ ትልቅ ባዶ ጣሳ ወረቀት ጠቅልላችሁ ቁሙን አቁሙት። አንድ ተማሪ ቀስ ብሎ በእጁ ያዙረው። የፌልቱ ጫፍ ወረቀቱን ለመንካት ያህል ብቻ ይንካ። ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ተጫን ካላችሁት ብዕሩ አይንቀሳቀስም፤ ራቅ ካደረጋችሁት አይጽፍም። ተማሪዎቹ ይህን ለማስተካከል ሲታገሉ ጣልቃ አትግቡ። ቤተ ሙከራ ማለት ግማሹ ይኸው ትግል ነው።

ከዚያ በሌላኛው አፍ አንድ ተማሪ ቀስ ብሎ ይንፋ። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱ አፍ ማስገቢያ ይኑረው፤ በኃይል መንፋት አያስፈልግም። ብዕሩ ይወጣል፣ መስመር ይሠራል፣ ክፍሉ ይንጫጫል።

ሲረጋጉ አንድ ነገር አስለኩ። ብዕሩ 5 ሴንቲሜትር ከወጣ ግፊቱ ስንት ሴንቲሜትር ውሃ ነው? ሁሉም አምስት ይላሉ። አይደለም፤ 10 ነው። አንዱ ክንድ 5 ሲወጣ ሌላው 5 ወርዷል፤ ግፊቱ የሁለቱ ልዩነት ነው። የሉድቪግም ብዕር የሚያሳየው የግፊቱን ግማሽ ነበር፤ አንባቢው በሁለት ማባዛት ነበረበት። ስለዚህ ተማሪዎቹ መስመሩን ከማድነቃቸው በፊት ጠርዙ ላይ ልኬት ይጻፉበት። ልኬት የሌለው መስመር ጌጥ ነው ብዬ እመልስላቸዋለሁ።

ሌላም የሚታይ ነገር አለ። ተማሪው ድንገት ነፍቶ ድንገት ሲያቆም ብዕሩ ወዲያው ቦታው አይመለስም። ሁለት ሦስት ጊዜ ይወዛወዛል። "ይቺ የመጨረሻዋ ሞገድ ከሳንባህ ነው የመጣችው ወይስ ከውሃው?" በሉት። የሉድቪግ ሜርኩሪም ይኸው ጣጣ ነበረበት። ክብደቱ አንዴ ከተነሳ በራሱ ይወዛወዛል። አማካዩን ግፊት ጥሩ አድርጎ ያሳያል፤ የእያንዳንዱን ምት ትክክለኛ ቅርጽ ግን ያዛባል። ይህን ለማረም ከተነሱት አንዱ የገዛ ተማሪው አዶልፍ ፊክ ነበር። በ1864 በሜርኩሪ ፈንታ የብረት ስፕሪንግ የሚጠቀም መለኪያ ሠራ። በኋላም ላይፕዚግ ሉድቪግ ዘንድ የሠራው ኦቶ ፍራንክ የመለኪያዎችን ሕግ በሂሳብ አስቀመጠ። መምህር የጀመረውን ተማሪ ሲያርመው ማየት ለክፍሉ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ተማሪዎቹ እኔንም ለማረም ድፍረት የሚያገኙት ከዚህ በኋላ ነው።

ጊዜ የሌላችሁ ይህን መሣሪያ ቀድማችሁ ሠርታችሁ አምጡት። ቀጣዩን ሙከራ ግን በምንም አትተዉት።

ልባቸው ራሱ ይጻፍ

ሉድቪግ ውሻ ላይ ኪሞግራፉን ሲያነብ አንድ ነገር አየ። በ1847 መዝግቦታል። ልብ በእኩል ልዩነት አይመታም። አየር ሲገባ ይፈጥናል፤ ሲወጣ ይዘገያል። ይህንን ያለ ምንም ዕቃ በራሳችን ላይ ማየት እንችላለን። የሚያስፈልገው ረጅም ወረቀት፣ እርሳስና አራት ሰው ነው።

ወረቀቱን 4 ሴንቲሜትር ስፋት አድርጋችሁ ቁረጡና ሁለት ሜትር እስኪሆን ቀጥሉት። በየ10 ሴንቲሜትሩ ምልክት አድርጉበት። አንዱ ተማሪ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ይጎትታል፤ በየአምስት ሰከንዱ አንድ ምልክት ማለፍ አለበት። ስልክ ላይ ሜትሮኖም ክፈቱለት። ሁለተኛው ተማሪ ተቀምጦ ይተነፍሳል፦ አምስት ሰከንድ ወደ ውስጥ፣ አምስት ሰከንድ ወደ ውጭ፤ ሳያስገድድ፣ ሳያፍን። ሦስተኛው የሱን አንጓ ይይዝና ምቱ በተሰማው ቁጥር ወረቀቱ ላይ እርሳሱን ጠብ ያደርጋል። አራተኛው ትንፋሹን በእጅ ምልክት ይመራል፤ በዚያው ወረቀት ጠርዝ ላይም አየር ሲገባ መስመሩን ወደ ላይ፣ ሲወጣ ወደ ታች ይስባል።

ሦስተኛው ተማሪ የትንፋሹን ምልክት ማየት የለበትም። ፊቱን አዙሩት። የሚጠበቀውን የሚያውቅ እጅ ሳያስበው የሚጠበቀውን ይጽፋል። ማዘዣው በድምፅ ሳይሆን በእጅ የሆነውም ለዚሁ ነው።

የሚተነፍሰው ተማሪ ከመጀመሩ በፊት አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥ። የልብ ሕመም ያለበት ወይም መተንፈሱ የሚያዞረው ሰው በዚህ ቦታ አይግባ፤ መሀል ላይ የዞረው ካለ ወዲያው ያቁም። ማንም ሰው ሰውነቱን እንዲያስለካ አይገደድም። በውጤቱም ማርክ አይሰጥም።

አንድ ደቂቃ ተኩል በቂ ነው። ከዚያ ወረቀቱን ዘርጉትና በማስመሪያ የነጥቦቹን ርቀት ለኩ። ወረቀቱ በሰከንድ 2 ሴንቲሜትር ይሄዳል። በደቂቃ 75 ጊዜ የሚመታ ልብ በየ1.6 ሴንቲሜትሩ ነጥብ ይተዋል። አየር ሲገባ ነጥቦቹ ይጠጋጋሉ፣ 1.3 አካባቢ ሊደርሱ ይችላሉ። ሲወጣ ይራራቃሉ፣ ወደ 1.8 ይጠጋሉ። በወጣቶች ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ዕድሜ ሲገፋ ይቀንሳል፤ ስለዚህ መምህሩ ራሱን ለናሙና ባያቀርብ ይሻላል።

አንድ ተማሪ ወረቀቱን ካየ በኋላ "ልቤ ታሟል እንዴ?" ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ልብ እኩል መምታት አለበት የሚል እምነት ይዞ ነው የመጣው። መልሱ፦ አልታመመም፤ ይህ የጤነኛ ልብ ጠባይ ነው። ልብን የሚያዘገየው ቬገስ የተባለው ነርቭ አየር ሲገባ ልጓሙን ላላ ያደርጋል፣ ሲወጣ ያጠብቃል። ይህን ከማስረዳታችሁ በፊት ግን ነጥቦቹ ተለክተው ማለቅ አለባቸው። ማብራሪያው ከቀደመ ማንም አይለካም።

ነጥቦቹ ተለክተው ሲያልቁ "ይህን መጀመሪያ በመስመር ያየው ሰው ካርል ሉድቪግ ይባላል" በሉ። አሁን ስሙን ለመስማት ዝግጁ ናቸው።

ታሪኩን አሁን ንገሯቸው

አጭር አድርጉት። ቪትሰንሃውዘን በምትባል የሄሰን ትንሽ ከተማ ተወለደ። ማርቡርግ ሕክምና ሲማር ፖለቲካ ውስጥ ገባ፣ በሰይፍ ግጥሚያ ከንፈሩ ላይ ጠባሳ አተረፈ፣ ዩኒቨርሲቲውንም ለቆ እንዲወጣ ተገደደ። ኋላ ተመልሶ ማርቡርግ ተመረቀ። በ1849 ዙሪክ፣ በ1855 ቪየና፣ በ1865 ላይፕዚግ ሄደ። እስከ ዕለተ ሞቱ ላይፕዚግ ቆየ።

በ1847 በርሊን ላይ ሄልምሆልትስን፣ ብሩከንና ዱ ቧ ሬይሞንን አገኘ። አራቱም ወጣት የሰውነት አሠራር ተመራማሪዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን ሕይወት ያለው ነገር በተለየ "የሕይወት ኃይል" ይሠራል የሚሉ ብዙ ነበሩ። እነዚህ አራቱ ግን ሰውነትን በፊዚክስና በኬሚስትሪ እንመርምረው አሉ። ለተማሪዎች ይህን ስትነግሩ ረጅም ፍልስፍና ውስጥ አትግቡ። ኩላሊትን አሳዩዋቸው፤ ነገሩ በሱ ይገባል።

በ1842 ሉድቪግ ስለ ሽንት አሠራር ጽፎ አስተማሪነት አገኘ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ኩላሊት ውስጥ ባሉት ጥቃቅን የደም ሥር ጥቅልሎች በኩል የደም ግፊት ራሱ ፈሳሹን ያጣራል። ፕሮቲኑ ደም ውስጥ ይቀራል፤ ውሃውና የሟሙት ነገሮች ያልፋሉ። ከዚያ ቀጭኖቹ ቱቦዎች ውስጥ ሲጓዝ ውሃው ተመልሶ ወደ ደም ይገባል፣ የቀረው ሽንት ይሆናል። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ዊልያም ቦውማን የአካሉን ቅርጽ በሚገባ ገልጾ ሌላ ሐሳብ አቀረበ፦ ጥቅልሉ ውሃ ብቻ ያወጣል፣ ቆሻሻውን የሚጨምሩት የቱቦው ሴሎች ናቸው አለ።

ክፍሉን ለሁለት ክፈሉት። ግማሹ ለሉድቪግ፣ ግማሹ ለቦውማን ይከራከር። ከዚያ ዛሬ የምናውቀውን ቁጥር ስጧቸው፦ በደቂቃ 125 ሚሊ ሊትር ይጣራል። በቀን ስንት ነው? 180 ሊትር። ሽንት ግን 1.5 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ተመልሷል። የሉድቪግ ወገን እልል ይላል። ያኔ አስቁሟቸው። ማጣራቱን በተመለከተ እውነት አለው፤ በ1924 ወርንና ሪቻርድስ የእንቁራሪት ኩላሊት ውስጥ ቀጭን ቧንቧ አስገብተው ከጥቅልሉ የወጣውን ጠብታ መርምረው አረጋገጡት። ውሃውና ጨዉ እንዴት እንደሚመለስ የሰጠው ማብራሪያ ግን አይበቃም። ሴሎቹ ጉልበት አውጥተው የሚያጓጉዙት ብዙ ነገር አለ፤ ወደ ቱቦው የሚጨምሩትም አለ። ቦውማንም ባዶ እጁን አልቀረም።

ምራቁን እዚሁ ላይ አስከትሉ። እኔ ከሁሉ የምወደው የሉድቪግ ሥራ ይህ ነው። ዙሪክ ሳለ፣ በ1851 ባወጣው ጥናት፣ የውሻ የምራቅ ዕጢ ላይ የሚሄደውን ነርቭ በኤሌክትሪክ አነቃና የምራቁን ግፊት ቱቦው ውስጥ ለካ። የምራቁ ግፊት ከደም ቅዳው ግፊት በለጠ። ቁም ነገሩን አስተውሉ፦ ምራቅ ከደም የሚጣራ ቢሆን ኖሮ ግፊቱ ከደሙ ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ ዕጢው በነርቭ ትእዛዝ ራሱ ይሠራል ማለት ነው። ኩላሊት ላይ "ግፊት ነው የሚያጣራው" ያለው ሰው፣ ምራቅ ላይ ልኬቱ ሌላ ሲነግረው ልኬቱን ሰማ። ተማሪዎች "ሳይንቲስት ሐሳቡን አይቀይርም ወይ?" ሲሉ የምመልስላቸው በዚህ ነው።

መምህሩን አትርሱት

ብዙ ሰው መሣሪያውን አስተምሮ ያቆማል። ይህ ግማሹን መተው ነው። በ1869 ላይፕዚግ ላይ የተከፈተለት ተቋም ራሱ የትምህርት ሐሳብ ነበር። ሦስት ክንፎች ነበሩት፦ አንዱ ለፊዚዮሎጂ ሙከራ፣ አንዱ ለኬሚስትሪ፣ አንዱ በማይክሮስኮፕ ለሚታየው አካል። አንድ ጥያቄ ሦስቱንም እየዞረ ይመረመራል። ንድፉን ሰሌዳ ላይ ሳሉት፤ ተማሪዎቹ የኩላሊቱን ጥያቄ ይዘው የትኛው ክንፍ ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ይንገሯችሁ።

ከተለያዩ አገሮች ከ200 በላይ ሰዎች እሱ ዘንድ መጥተው ሠርተዋል። ርዕስ ይሰጣቸዋል፤ ሳልቨንሞዘር የተባለው የቤተ ሙከራ ረዳቱ ደግሞ እጁ የተባረከ ባለሙያ ነበር። ብዙ ጊዜ የሥራውን ከባድ ክፍል ሉድቪግና ሳልቨንሞዘር ሠርተውት፣ ጽሑፉ በተማሪው ስም ብቻ ይወጣ ነበር። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል። ሥራ ሠርቶ ስሙ የተዘለለ ሰው ሁሉም ያውቃልና። የሳልቨንሞዘርን ስምም ሰሌዳው ላይ ጻፉት። የቤተ ሙከራ ረዳት ባይኖር ክፍላችን አይከፈትም፤ ተማሪ ይህን ገና በጠዋቱ ይወቀው።

ከዚያ የተማሪዎቹን ሐረግ አስሩ። እኔ ስም ዝርዝር አልሰጥም። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ሰው እሰጥና "ከሉድቪግ ምን ወሰደ? ምን ጨመረበት?" ብዬ እጠይቃለሁ። የሚበጁኝ እነዚህ ናቸው።

ሄንሪ ባውዲች ከቦስተን መጣ። ለኪሞግራፉ በራሱ የሚሠራ የጊዜ ምልክት ማድረጊያ ሠራ። በ1871 የእንቁራሪት ልብ ላይ የልብ ጡንቻ ከተኮማተረ ባለው ኃይል ሁሉ እንደሚኮማተር፣ ካልሆነ ጭራሽ እንደማይኮማተር አሳየ። ወደ ሃርቫርድ ተመልሶ ቤተ ሙከራ ከፈተ፤ በ1887 የአሜሪካ ፊዚዮሎጂ ማኅበርን ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። ኢቫን ሴቼኖቭ ቪየና ላይ አገኘው፤ ከደም ውስጥ ጋዝ የሚስብ የሜርኩሪ ፓምፕ አብረው ሠሩ። ኢቫን ፓቭሎቭ በ1884 እና 1886 መካከል ጀርመን ሲቆይ ላይፕዚግ ሠርቷል። የውሻ ምራቅ ሲባል ተማሪው ወዲያው ፓቭሎቭን ይጠራል፤ ከሱ በፊት ዙሪክ ላይ የምራቅ ግፊት የለካ ሰው እንደነበር አሁን ያውቃል። ጣሊያናዊው አንጄሎ ሞሶ የጣት ድካምን በመስመር የሚጽፍ መሣሪያ ሠራ። ዴንማርካዊው ክርስቲያን ቦር ደምና ኦክስጅንን አጠና። ኤሊ ሲዮን ደግሞ በ1866 ከሉድቪግ ጋር ሆኖ፣ ሲነቃ የደም ግፊትን የሚያወርድ ነርቭ አገኘ፤ በዚያው ዓመት ከአካል የወጣ የእንቁራሪት ልብ ፈሳሽ እየተላለፈለት እንዲመታ አድርገዋል። ዊልያም ዌልችና ፍራንክሊን ማል ላይፕዚግ ያዩትን ይዘው አሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ገቡ።

ቡድኖቹ ሲያቀርቡ ክር በሰሌዳው ላይ ዘርጉ። ክሩ ከላይፕዚግ ወደ ቦስተን፣ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ፣ ወደ ቱሪን፣ ወደ ኮፐንሃገን ይሄዳል። ጊዜ ካጠረ ሦስት ሰው በቂ ነው፦ ባውዲች፣ ፓቭሎቭ፣ ሞሶ።

የእንስሳቱን ነገር አትሸፋፍኑ

ተማሪ ይጠይቃል። ባይጠይቅም እናንተ አንሱት። ይህ ሁሉ እውቀት የመጣው ከውሻ፣ ከጥንቸልና ከእንቁራሪት ነው። በዚያው ዘመን በሕይወት ባለ እንስሳ ላይ መሞከርን አጥብቀው የተቃወሙ ሰዎች ነበሩ። ሉድቪግ ራሱ ላይፕዚግ ውስጥ የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር መሪ ነበር። ሁለቱ እንዴት አንድ ሰው ውስጥ ይኖራሉ? እኔ እዚህ ላይ ብያኔ አልሰጥም። ተማሪዎቹ ይወያዩ። የምጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዛሬ የቱ ሙከራ በሰው አንጓና በወረቀት መሠራት ይችላል፣ የቱስ አይችልም? የትንፋሹን ሙከራ አሁን ስለሠሩት በእጃቸው የያዙት መልስ አላቸው።

ፈተናው

"ካርል ሉድቪግ መቼ ተወለደ?" ብላችሁ አትፈትኑ። እኔ የምሰጠው ወረቀት ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው። በእጄ የሣልኩት የደም ግፊት መስመር፤ ትናንሾቹ ሞገዶች የልብ ምት፣ ትላልቆቹ የትንፋሽ። መሀሉ ላይ መስመሩ ድንገት ይወርዳል። ልኬት አልጽፍበትም፣ ሰዓትም የለውም።

ጥያቄዎቹም እነዚህ ናቸው። ይህን መስመር ለማንበብ መጀመሪያ ምን ትጠይቀኛለህ? ብዕሩ 4 ሴንቲሜትር ወርዷል፤ መሣሪያው የሜርኩሪ ዩ ቱቦ ከሆነ ግፊቱ በስንት ሚሊሜትር ሜርኩሪ ቀነሰ? መስመሩ የወረደው ነርቭ ስለተነቃ ነው ወይስ ቱቦው ስለተዘጋ? በምን ትለየዋለህ?

ለመጀመሪያው ልኬቱንና ጊዜውን የጠየቀ ሙሉ ማርክ ያገኛል። ለሁለተኛው 80 ያለ ያገኛል፤ 40 ያለውን መልሼ የውሃው ቱቦ ጋ እወስደዋለሁ። ሦስተኛው ላይ ብዙ መልስ እቀበላለሁ። ቱቦው ከተዘጋ የልብ ምቱ ትናንሽ ሞገዶችም አብረው ይጠፋሉ፤ ግፊቱ በእውነት ከወረደ ግን ሞገዶቹ ዝቅ ብለውም ቢሆን ይቀጥላሉ። ይህን ያስተዋለ ተማሪ ሲገኝ ወረቀቱን ለክፍሉ አነብለታለሁ።